ገልብጠው ያሳዩኝ

ይድረስ ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለአጽብሐ በርሄ፤
ቦሎኛ።

ወንድም ዓለም፣ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ ዛሬም የሆቴሉን ድስት ስትሸከም ትውላለህ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኛ እዚህ የጥር ፀሐይ ጀርባችንን እየሞቅን፣ አጽብሐ ይህን ጊዜ በረዶ ይጠርግ ይሆናል እያልን እናዝንልሃለን። በደንብ ትበላለህ? እንቅልፍ ትተኛለህ? የሚያጫውትህ ሰውስ አላጣህም? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ እየነገረችኝ ነው። "ካልሲ ይለብሳል ወይ በይልኝ" ብላኛለች፤ ብያለሁ።

እኛ፣ የአራዳው ጊዮርጊስ ይመስገን፣ ሁላችንም አለን። ባለቤቴ እሸቴ ደህና ነው፤ እንደ ወትሮው ዝም ብሎ ደህና ነው። ልጃችን አስካለ ጥርሷ ወልቆ ምላሷ ብቻ ቀርቷል። እኔም ከቸርችል ጎዳናው ቢሮዬ የጽሕፈት መኪናዬን ስቀጠቅጥ እውላለሁ፤ ይህን ግን በእጄ እጽፍልሃለሁ፤ የመኪና ጽሑፍ ለእናት ነገር አይሆንም። እማዬም አለች። እንዴት እንዳለች ነው የምጽፍልህ።

በሰው እጅ የላክኸው ደብዳቤ የገና ማግስት ደርሶናል። ሆስፒታሉ እንደተስማማ፣ ደም የሚያጥበው ማሽን እንዳለ፣ ማሽኑ ካልበቃም አንዱን ኩላሊትህን እንደምትሰጣት ጽፈሃል። መጨረሻ ላይ ደግሞ በእኔ ተቆጥተህ፣ "ምብራት፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ትመጣለች ወይስ አትመጣም? ባንድ ቃል መልሽልኝ" ብለሃል። ባንድ ቃል የሚመለስ አልሆነም። ስለዚህ ወገብህን ደገፍ አድርገህ ተቀመጥና አንብብ፤ የሆነውን ሁሉ ከሥሩ እነግርሃለሁ።

በፊት ስጽፍልህ "እማዬ ኩላሊቷን ታማለች" ብዬ ብቻ ነበር ያለፍኩት። ነገሩ የጀመረው በክረምት ነው። ጠዋት ስትነሣ ፊቷ ያብጣል፤ ኮንጎ ጫማዋ እግሯ አልገባ አለ። የምትበላው ሁሉ ብረት ብረት ይላታል፤ ገላዋን ያሳክካታል። እሷ ግን የአትክልት ተራ ጭቃና እርጅና ነው ብላ ከሳጥኖቿ ጋር ትውላለች። ጎኗ ሽንኩርት የምትሸጠው ፈቲያ ናት አንድ ቀን ክንዷን ይዛ፣ "ወላሂ ዛሬ ሐኪም ሳያይሽ አንድ ቲማቲም አትሸጪም" ብላ ያመጣችልኝ። ፈቲያን ታስታውሳታለህ፤ አንተ ስትሄድ ያለቀሰች ያቺ ረዥም ሴት።

ዶክተር እምሩ የሚባል ሐኪም መረመራት። ወጣት አይደለም፣ ሽማግሌም አይደለም፤ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ውጤቱን ለመቀበል ብቻዬን ሄድኩ፤ እማዬን ገበያ ላይ ትቻት። ሲያየኝ መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ "እናትሽስ?" ብሎ ነው። ለእኔ ይንገሩኝ፣ እሷን አናስጨንቃት አልኩት። ለመንኩት። በመጨረሻ ሁለቱም ኩላሊቶቿ በቆየ የደም ግፊት ምክንያት እንደደከሙና ከእንግዲህ እንደማያገግሙ ነገረኝ። ከዚያ በላይ ግን አንድ ቃል አልጨምር አለ። "ከዚህ በኋላ የሚመረጥ ነገር አለ፤ የሚመርጡት እሳቸው ናቸው። ያልተነገረው ሰው አይመርጥም። ወይ ንገሪያቸው፣ ወይ ይዘሻቸው ነይና እኔ ልንገራቸው" አለኝ። ወንድሜ፣ በጣም ተናደድኩበት። እኛ አገር ለታመመ ሰው ሕመሙ ይነገራል እንዴ? ለቤተ ዘመድ ይነገራል፣ ቤተ ዘመዱ ይደብቃል፣ ታማሚውም የተደበቀውን እያወቀ ዝም ይላል። እንዲህ ነው ያደግነው።

ምክር ፍለጋ የእድሩ ዳኛ አቶ ገብረዮሐንስ ዘንድ ሄድኩ። አባታችን ከሞተ ወዲህ ለቤታችን ነገር እሳቸውን ያላማከርንበት ጊዜ የለም። ተከዙ፣ ጢማቸውን ደባበሱ፣ ቀጥለውም እንዲህ ያለ ከባድ ነገር በሥርዓቱ ነው የሚነገረው አሉ። ሽማግሌዎች ይሰብሰቡ፣ ወደ ገበያ ሳትወጣ በማለዳ እንግባ፣ ፈቲያም ትምጣ፣ እኔ እያለዘብኩ እነግራታለሁ አሉ። እኔም እሺ አልኩ። እስቲ ፍረደኝ፣ አዋቂ ነኝ የምል ሴትዮ እሺ አልኩ!

አንተ ከሩቅ ሆነህ ገና አሁን የገባህ ይመስለኛል። ክፉ ወሬ በእኛ ዘንድ ሽማግሌ አስከትሎ፣ ጎህ ሲቀድ ነው በር የሚያንኳኳው። በዚህ ዘመን ደግሞ ስንት እናት በሯን ከፍታ ያንን አይታለች። ከአንተም ደብዳቤ ከመጣ ክረምቱ አልፎ መስቀልም አልፎ ነበር።

እማዬ በሩን ከፈተች። አቶ ገብረዮሐንስ ካፖርታቸውን ደርበው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ሁለት የእድር ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተዋል። ፈቲያ ብርዱን ስትሸሽ ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች። ከሁሉም ኋላ እኔ፣ ያልተኛሁ፣ ዓይኔ የቀላ። እማዬ ግቡ አላለችም። አንድ በአንድ አየችን። ከዚያ "ወደይ! አጽብሐ ወደይ!" ብላ በትግርኛዋ ልጇን እየጠራች ደረቷን ደቃች፣ ደጃፉ ላይ ወደቀች።

የሰፈሩ በር ሁሉ ተከፈተ። በእኛ ሰፈር መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ምን እንደሆነ በኋላ ይጠየቃል። እትዬ አዳነች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደርሳ ሙሾዋን አወረደችው፤ ቁመትህን ከዝግባ አስበለጠችው፤ እኔ የማውቀው ወንድሜ ግን አጭር ነው። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ጡሩምባውን ይዞ ሲወጣ በዓይኔ አየሁት። አጽብሐ፣ አንተ በዚያ ማለዳ ሞተህ ነበር። በደንብ ተለቅሶልሃል፤ ቅር አይበልህ።

አቶ ገብረዮሐንስ ተቁነጠነጡ፣ "እባካችሁ፣ እባካችሁ" አሉ፣ የሚሰማቸው ሲያጡ ግን በሙሉ ድምፃቸው፣ "የሰው ያለህ! ዝም በሉ! ልጁ ደህና ነው! የታመምሽው አንቺ ነሽ ሓዳስ፣ ኩላሊትሽ ነው!" ብለው ጮኹ። ያ ሁሉ ሊለዝብ የነበረ ንግግር እዚያው ደጃፍ ላይ ተዘረገፈ። እትዬ አዳነችም ሙሾዋን አቋረጠች።

እማዬ ከመሬት ቀና አለች። ነጠላዋ ጭቃ ነክቶታል። አጽብሐ አልሞተም ወይ አለች። አልሞተም አሏት። በጊዮርጊስ ማሉልኝ አለች፤ ማሉላት። "ታዲያ እኔ ነኝ የታመምኩት? እኔ ብቻ?" ብላ ጠየቀች። አዎ፣ አንቺ ብቻ ነሽ፣ ሕመሙም የሚድን አይደለም አሏት፤ ከዚያ ወዲያ የሚደበቅ ነገር አልነበረምና። እማዬ ተነሥታ ቆመች፣ እጇን ወደ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዘረጋች፣ እልል አለች። ሦስት ጊዜ እልል አለች። እግዚኦ አልኩ። ሰው የራሱን መርዶ በእልልታ ሲቀበል አይቼ አላውቅም፤ ሰውነቴን ወረረኝ፤ አሁን ስጽፈው ራሱ ይወርረኛል። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ፣ "እናንተ ሰዎች፣ ለኩላሊት ነው እንዲህ ነፍሴን ያወጣችኋት? በሉ ግቡ፣ ቁርስ ሳትበሉ አትሄዱም" አለች። አቶ ገብረዮሐንስ ባርኔጣቸውን ሳያስቀምጡ ቂጣ ሲቆርሱ ፈቲያ ሳቋ አምልጧት ወጥ ትን አላት።

በዚያው ቀን ለአንተ እንድጽፍ አዘዘችኝ። "ልጄ ሳይሰማ አልቆርጥም" አለች። ጻፍኩልህ፤ አንተም እንዲያ ብለህ መለስክ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያ ተቀብላኝ፣ በመሠረተ ትምህርት የተማረችውን ፊደል በጣቷ እየተከተለች፣ "ኩ... ላ... ሊ... ቴን" የሚለውን ራሷ አነበበች። አጥፋ ከደረቷ ከተተችው።

ቤታችን ግን ሸንጎ ሆነ። እኔ ትሂድ ባይ ነበርኩ፤ ማሽን እያለ እናት ዝም ብላ ትሙት ይባላል እንዴ አልኩ። አቶ ገብረዮሐንስም ልጅ እናቱን ሲጠራ እምቢ አይባልም አሉ። ፈቲያ ደግሞ፣ "ቋንቋ በማታውቅበት አገር በመርፌ ልትታሰር? ሞቼ ነው ቆሜ!" አለች። ተኳረፍን። እሸቴን አንተስ ምን ትላለህ ስለው፣ እሳቸውን ጠይቋቸው አለ። በዓመት አንዴ ይናገራል፣ ሲናገር ግን ያገኛታል። እማዬ ስንጨቃጨቅ ጎመኗን እየቀነጠሰች ትሰማን ነበር። "እናንተ ተጫረቱ፤ እኔ ዕቃውን ገና አላየሁትም" አለችን።

ዕቃ ስትገዛ ታውቃታለህ። የመቂ ቲማቲም በሳጥን ሲመጣ ላዩ ላይ ቀይ ቀዩ፣ ጠንካራ ጠንካራው ይደረደራል፤ የላላውና የፈረጠው ከታች ነው። ሌላው ነጋዴ ላዩን አይቶ ይከራከራል። እማዬ አትከራከርም። ጆንያ መሬት ላይ ታነጥፋለች፣ ሳጥኑን ትገለብጠዋለች፣ አንድ በአንድ ታየዋለች፤ ከዚያ ወይ ትገዛለች ወይ መልሳ ትደረድርለታለች። ስትደረድርለት ደግሞ ካመጣው አሳምራ ነው። አትክልት ተራ ከነስሟ "ሓዳስ ገልብጥ" ነው የሚላት። ሲሏት ደስ ይላታል።

ከጥምቀት በፊት ዶክተሩ ዘንድ ሄድን፤ እሷ፣ ፈቲያና እኔ። ዶክተር እምሩ ወንበሩን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። አንተ የጻፍከውን ተረጎምኩለት፤ ማሽኑን አሞገስኩ፤ ያለኝን ሁሉ ተናገርኩ። ስጨርስ እማዬ፣ "ዶክተር፣ ልጆቼ ላዩን አሳይተውኛል፤ አሁን እርስዎ ገልብጠው ያሳዩኝ" አለችው። ግራ ገባው። ፈቲያ የሳጥኑን ነገር አስረዳችው። ፈገግ አለ፣ ወዲያው ፈገግታውን ተወው፣ ገለበጠላት።

እንዲህ አላት። ማሽኑ ኩላሊትዎን አያድንም፤ ሥራውን ይሠራለታል። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ግማሽ ቀን ያህል፣ ክንድዎ ላይ መርፌ ተተክሎ ደምዎ እየወጣ ታጥቦ ይመለሳል። ዕድሜ ሊጨምር ይችላል፤ ዓመታትም ሊሆን ይችላል፤ እብጠቱና ማሳከኩም ሊቀንስ ይችላል። ሰው አለ፣ በማሽኑ ደህና ሆኖ የሚኖር። ይህ ላዩ ነው። ታቹ ደግሞ ይኸውልዎ። ከጀመሩ በኋላ እስከ መጨረሻው ነው። እኛ ጋ ያለው መሣሪያ ኩላሊቱ በአጭር ጊዜ ለሚመለስለት በሽተኛ ነው እንጂ ለእርስዎ አይሆንም፤ ስለዚህ ማሽኑን ይዘው እዚህ ሊኖሩ አይችሉም። ልብዎም ደክሟል፤ በዕድሜዎና በዚያ ልብ ብዙ ሰው ከማሽኑ ሲነሣ ቀኑን ሙሉ ዝሎ ይውላል። ስንት ጊዜ እንደሚጨምርልዎ እኔም አላውቅም፤ አውቃለሁ የሚልዎትን ሐኪም አይመኑ።

ከዚያ ሁለተኛውን ሳጥን ገለበጠ። እዚህ ቢቀሩ፣ ለግፊቱና ለእብጠቱ መድኃኒት እሰጥዎታለሁ፤ ጨው ይቀራል፣ ውኃ ይለካል፣ ሙዝ፣ ብርቱካንና ቲማቲም ይቀራሉ። እዚህ ላይ እማዬ፣ "የምሸጠውን ሁሉ ከለከለኝ እኮ" ብላ ፈቲያን አየቻት። ዶክተሩ ቀጠለ። ቤትዎ ይኖራሉ፣ ጉልበትዎ እስከፈቀደ ገበያዎ ይወጣሉ። ታቹ ግን ጊዜው አጭር ነው፤ ወራት ነው፣ ምናልባት ዓመት። ወደ መጨረሻው እንቅልፍ እንቅልፍ ይልዎታል፤ ትንፋሽ ሊያጥርም ይችላል፤ ያን ጊዜ እንዳይጨነቁ ለማድረግ የምችለውን ሁሉ አደርጋለሁ፣ አልተውዎትም። ፊት ለፊቷ፣ ዓይኗን እያየ "አልተውዎትም" አላት። እኔ ሳለቅስ እሷ ራሷን እየነቀነቀች ትሰማ ነበር፤ ልክ ቲማቲሙን አንድ በአንድ ስታይ እንደምታደርገው።

ስለ ኩላሊትህም ጠየቅኩት። በዕድሜዋና በልቧ ምክንያት ቀዶ ሐኪሞቹ እሺ የሚሉ አይመስለኝም፣ ግን እነሱን መጠየቅ ይቻላል ሲል፣ እማዬ እጇን አነሣች። "ይቅር ዶክተር፣ አይድከሙ። ያንን ኩላሊት የሰጠሁት እኔ ነኝ። የሰጠሁትን መልሼ አልወስድም" አለች። ይህንንም እንዳለችው ይጻፍልኝ ብላለች።

አሁን ደግሞ የገረመኝን ልንገርህ። ዶክተር እምሩ የቱን መረጡ አላላትም። ከሁሉ በላይ የሚፈሩት ምንድን ነው፣ ከሁሉ በላይ የሚፈልጉትስ ምንድን ነው ብሎ ጠየቃት። ወንድሜ፣ ለእናታችን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብላት በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ምን ትበያለሽ፣ ምን ይቅረብልሽ እንላታለን። የምትፈሪው ምንድን ነው ያላት የለም። እሷም ገረማት። ነጠላዋን አስተካከለች። የምፈራው፣ አለች፣ ስሜን በማያውቅ ሰው መካከል ተኝቼ መቅረት ነው፤ ባለቤቴ በርሄ አጠገብ ጊዮርጊስ ግቢ መተኛት ነው የምፈልገው። ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። ከሁሉ በላይ የምፈልገው ደግሞ ልጄን አንድ ጊዜ ማየት ነው።

አየህ? የፈራችው አንደኛው ሳጥን ውስጥ ነበር፣ የፈለገችውም እዚያው ሳጥን ውስጥ። አንተ ወደዚህ እንደማትመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ምክንያቱ ደብዳቤ ላይ አይጻፍም። ብትቀር አንተን አታይም፤ ብትሄድ አትመለስም። እኔ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ።

እማዬ ግን ያበጡ እግሮቿን አየት አድርጋ፣ "ዶክተር፣ እነዚህ እግሮች እስከ መቼ ይሸከሙኛል?" አለችው። እንደ ዛሬ ከሆኑ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱና ከተጠነቀቁ፣ እስከ ፋሲካ ድረስ ይመስለኛል፣ ግን ዋስትና አልሰጥዎትም አላት። "እንግዲያው" አለች፣ "ማሽኑ ጋ አልሄድም። ልጄ ጋ ሄጄ አይቼው እመለሳለሁ።"

ሁላችንም ዞረን አየናት። ያን ሁሉ ሳምንት ስንጨቃጨቅ ሁለት ሳጥን ብቻ ነበር የታየን፤ ለማሽን መሄድ ወይም ለሞት መቅረት። ለሰላምታ መሄድ የሚባል ነገር አለ ብሎ ያሰበ አልነበረም። ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገና፣ "ይቻላል" አለ። እንደገና፣ "ይቻላል፤ ቀላል ግን አይደለም" አለ። አውሮፕላን ላይ ትንፋሽ ሊያጥርዎ ይችላል፤ እዚያ ከባሰብዎት ወዲያው ሆስፒታል መግባት ነው፤ የእዚያም ሐኪሞች ይዩዎት፤ እኔም ለውጭ ጉዞ ለሚፈቅደው የሐኪም ቦርድ፣ ለምርመራና ለምክር ብዬ እውነቱን እጽፋለሁ አላት። ደግሞም እዚያ ደርሰው ሐሳብዎን ቢቀይሩ፣ ማሽኑን ልሞክር ቢሉ፣ ማንም ሊወቅስዎ አይችልም አላት። እማዬም፣ "ከቀየርኩ እኔው በአፌ እናገራለሁ፤ ልጄ ግን እንዳይቀይርልኝ" አለችው። ስንወጣ ዶክተሩ በር ድረስ ሸኝቶን ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊስም ሲል ያዘችው። እኔ ያኔ ነው ንዴቴ የወጣልኝ፤ ያ ሰው ያኔ ለእኔ ሹክ ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ለእናታችን አንድ ቤት ሰው ተሰብስቦ ያለ እሷ ይመርጥላት ነበር።

በውይይት ታክሲ ቸርችልን ወጣን። ፒያሳ ስንደርስ ኬክ ቤት አስገቢኝ አለች፤ በሕይወቷ ገብታ አታውቅም፤ ሁልጊዜ ለሹማምንትና ለሙሽሮች ነው ትል ነበር። ማኪያቶ አዘዘች፤ ውኃ ይለካል ስለተባለች ግማሹን ለፈቲያ ቀዳችላት። እዚያ ነው የጠየቅኳት። እማዬ፣ አይተሽው መመለሱ አይብስብሽም ወይ አልኳት። መልሷን ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ። "አንቺ ልጅ" አለች፣ "እኔ እኮ አጽብሐን አንድ ማለዳ ሞቶ አይቼዋለሁ። ደጃፌ ላይ ቀብሬው ተነሣሁ። ከዚያ ወዲህ የምኖረው ትርፍ ነው። በሕይወቱ ደግሞ አንድ ጊዜ ልየው፤ ከዚያ የኔ ሞት ምን አላት?" ፈቲያ ብርጭቆውን አስቀምጣ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እኔ እናቴን እንደ አዲስ ሰው አየኋት። ልጇ ሆኜ ስኖር ይህን ያህል ትልቅ መሆኗን አላወቅኩም ነበር።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። አስቀድሜ ያስጀመርኩት ወረቀት ሁሉ አልቋል፤ የሐኪም ቦርዱም ፈቅዷል፤ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ትመጣለች። የመመለሻ ትኬቷ ተቆርጧል፤ ለፋሲካ ቤቴ እገባለሁ ብላለች። ግን ከመሳፈሯ በፊት ከአንተ የምትፈልገው ቃል አለ። በጊዮርጊስ ማልልኝ ብላሃለች። ለምነህ እንዳታስቀራት፣ አልቅሰህ እንዳታስቀራት፣ ሐኪም አስተባብረህም እንዳታስቀራት። ማሽኑን ልታሳያት ብትፈልግ ታያለች፤ "ማየት አያስከፍልም፣ እገለብጠዋለሁ፣ አልገዛም" ነው ያለችው። የሚገዛ ሆኖ ካገኘችውም የምትናገረው እሷ ናት።

ይህ ቃል እንደሚከብድህ አውቃለሁ። እኔ በአንተ ቦታ ብሆን እግሯን ይዤ አለቅም ነበር፤ እዚህም ሆኜ በየቀኑ ሊቀየርልኝ ይፈልጋል ልቤ። ማታ ማታ እሸቴን፣ "እዚያው ብታስቀራትስ? ዕድሜ ብትጨምርስ?" እለዋለሁ። ግን አየሁ ወንድሜ፤ ሴትዮዋ ሁሉንም ገልብጣ፣ የበሰበሰውንም ደህናውንም በእጇ ነክታ ነው የመረጠችው። ከላይ ብቻ አይተን የተከራከርነው እኛ ነን። እንግዲህ እኛ የሚቀረን የመረጠችውን መሸከም ነው፤ እኔ እስከ አውሮፕላን ማረፊያ፣ አንተ ከዚያ ወዲያ።

ስለ ምግቧ ልንገርህ፤ ቀልድ የለበትም። ጨው አታስነካት። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ቲማቲም አታቅርብላት። ድንች ካማራት ልጠህ፣ ቀጭን አድርገህ ከትፈህ፣ በብዙ ውኃ ቀቅልና ውኃውን ድፋው። ሥጋ ትንሽ። የምትጠጣውን ለካ፤ ስትቆጣህ ሳቅ። ሌሊት ሁለት ትራስ ደርባ ነው የምትተኛው። ገበያ ይዘሃት ከወጣህ የቦሎኛ ነጋዴ ሳጥን ልትገለብጥ ትችላለች፤ አትፈርባት፤ መልሳ ትደረድርለታለች።

ደግሞ አንድ ነገር፤ ስትቀበላት ቀጥ ብለህ ቁም። እትዬ አዳነች በሙሾዋ ከዝግባ ያስበለጠችህን እማዬ ታስታውሳለች፤ አጭር ሆነህ ብታገኝህ ትስቃለች።

አቶ ገብረዮሐንስ በጣም አድርገው ሰላም ይሉሃል፤ ከዚያ ማለዳ ወዲህ ማንም ቤት በጠዋት አይሄዱም፤ ቢቸግራቸው ከሩቅ "ደህና ነው! ደህና ነው!" እያሉ ነው የሚገቡት። ፈቲያ ናፍቆቷ ከሽንኩርት የበለጠ እንደሚያስለቅሳት ንገሪልኝ ብላለች፤ ሚጥሚጣም ልካለች። እትዬ አዳነች ስለ ሙሾው ይቅርታ ጠይቂልኝ፣ ግን ቆንጆ ነበር ትላለች። እሸቴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎልሃል፤ ይህን ጻፊ አላለኝም፣ አይቼው ነው። አስካለ ጥርስ ከጣሊያን ይመጣል ወይ ብላ ትጠይቅሃለች። እኔም እጅግ እናፍቅሃለሁ፤ እማዬን ስታቅፍ የእኔንም ድርሻ ጨምረህ እቀፋት፤ አንገቷ ሥር አሽትት፣ የአትክልት ተራ ሽታ ይኖራል፤ ያ የቤትህ ሽታ ነው።

የምትምለውን ቃል ቶሎ ላክልን። እማዬ ከታች ባዶ ቦታ ተይልኝ ብላኛለች፤ ተውኩላት።

እህትህ ምብራት በርሄ
አዲስ አበባ፣ አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች
ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፹ ዓ.ም.

አጽብሐ ወደይ። እመጣለሁ። እመለሳለሁ። እናትህ ሓዳስ።